እትዬ አልማዜ የቆመችበት ቀን

ሰኔ ስድስት ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፣ ሐሙስ። እንዲህ ብዬ ልጻፈው እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ቡና ቤት ያለው ኪዳን «ማክሰኞ ነው፣ ሰኔ አራት» እያለ እስከ ዛሬ ይሟገተኛል። ምክር ቤቱ ማክሰኞም ሐሙስም ስለሚሰበሰብ የሚዳኘን አላገኘንም። የእሱ ምስክር የቢራ መኪናው ነው። ቢራ የሚወርድለት ማክሰኞ ማክሰኞ ሲሆን በዚያን ቀን አውራጆቹ ሳጥኑን መሬት ላይ ጥለው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው እንደነበር ያስታውሳል። የእኔ ምስክር ደግሞ ሐሙስ የማስተምረው ክፍል አለመኖሩ ነው። ካልሆነማ በዚያ ሰዓት ኪዳን ቤት ምን እሠራ ነበር? ግን ይህንንም ስለው፣ የዚያን ቀን ክፍሌን ሰርዤ ሄጄ ይሆን እንዴ እላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ የማስታውሰውንና እንዲሆን የምመኘውን መለየት እየከበደኝ መጥቷል።

ቀኑን ልጠራጠር እንጂ ያየሁትን አልጠራጠርም። በዚያን ቀን የሰፈራችን ሰው እትዬ አልማዜ መዝገቡ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተነስታ ጠየቀች። ከጠየቀች በኋላም አልተቀመጠችም።

አልማዜ ጀሪካን ሻጭ ነበረች። አባቷ ጋሽ መዝገቡ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ መጀመሪያ እየዞሩ፣ በኋላ ማዞሪያው ጥግ በተሠራች የቆርቆሮ ሱቅ ጀሪካን፣ ባልዲና ሳፋ ሸጠው ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሲታመሙ አልማዜ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ ሱቁን ያዘች። እኔ ያኔ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ልካኝ የገዛሁትን ጀሪካን ይዤ ስሮጥ ከኋላዬ የጠራችኝን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ።

«አንተ! ሳትፈትሽ የት ነው የምትበረው?»

«አንቺ አይደለሽ የምትሸጪው?»

«እኔስ ብሳሳት? ና፣ ወደ ፀሐይ አንሳውና በአፉ እየው። ብርሃን ካየህ ቀዳዳ አለው ማለት ነው።»

አነሳሁት፤ ብርሃን አላየሁም። «በል አሁን ሂድ» አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት «ይህቺ ልጅ አትከብርም» አለች። እውነትም ሀብታም አልሆነችም።

ቤታቸው ከማዞሪያው ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ካለው ታች ሰፈር ነው። የታች ሰፈርን እድር የመሠረቱት እንደ ጋሽ መዝገቡ ያሉ ነጋዴዎች ከሸዋና ከጎጃም ከመጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ነው። እድሩ ሌላ ቦታ ያላየሁት አንድ ሕግ አለው፤ ጥያቄ ለመጠየቅ የተነሳ ሰው መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ የቆመ ሰው እያለም ወደ ሌላ ጉዳይ አይታለፍም። ሕጉ የመጣው ከአግዳሚ ወንበር እጥረት ነው ይላሉ። ድሮ የነበሩት አግዳሚዎች ሁለት ብቻ ስለነበሩ ለመጠየቅ የተነሳ ሰው ወዲያው ቦታው ይያዝበታል። ቦታውን ያጣ ሰው ደግሞ ቆሞ መልሱን ከመጠበቅ በቀር ምን ያደርጋል? በኋላ አግዳሚው በዛ፣ ፕላስቲክ ወንበርም ተገዛ። መቆሙ ግን ሕግ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ሕግ መጀመሪያ የተጠቀመች ሴት አልማዜ ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ለምን ከእድሩ መዝገብ ትሰረዛለች ብላ ተነሳች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆመች። ወንዶቹ ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠበቅ ሁሉ እስክትቀመጥ ሊጠብቋት ሞከሩ።

«አልማዜ፣ ቁጭ በይ እንጂ፤ እግርሽ ያብጣል» አላት አንዱ።

«እግሩ የራሴ ነው፤ ጥያቄው ግን የእናንተ ነው» አለችው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በእጅ ድምፅ አሰጡ። ሴቶች በራሳቸው ስም አባል እንዲሆኑ ተወሰነ። በዓመቱ አልማዜ ጸሐፊ ሆነች፤ ድንኳኑ፣ ድስቱና ቃሬዛው ያለበት ዕቃ ቤት ቁልፍም ከአንገቷ ላይ ተንጠለጠለ።

ለምክር ቤት ስትመረጥ ቁልፉን ልታስረክብ ሄዳ ነበር። ጋሽ ሰይፈሥላሴ አልተቀበሏትም። «ፓርላማ ገባሽ እንጂ ከእድር አልወጣሽም» አሏት። ሱቁን ለታናሽ እህቷ ሰጥታ፣ ጠዋት ጠዋት በታክሲ ወደ አራት ኪሎ መሄድ ጀመረች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለእሷ ቀላል አልነበሩም። ዝም አለች። በስብሰባ ካሜራው ሲያልፍባት አንገቷን አቀርቅራ ነው የምትታየው። ሰፈራችን ደግሞ ለሰው የሚራራ ምላስ የለውም።

«እትዬ፣ ትናንት በቴሌቪዥን አየንሽ» ይላታል ኪዳን ታክሲ ስትጠብቅ።

«እንዴት ነበርኩ?»

«እንቅልፉ ተስማምቶሻል፣ ወፍረሻል።»

«እያነበብኩ ነው፣ አንተ ባለጌ! የሚሰጡንን ወረቀት አንብበህ ብታየው አንተ ለዘላለም ትተኛ ነበር።»

እሷ ስቃ ታልፋለች። እኔ ግን ታክሲው ውስጥ ፊቷ ሲለወጥ አንድ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

የታች ሰፈር ችግር አንድ ነበር፤ ወንዙ። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ከወንዙ ማዶ ናቸው። መሻገሪያው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ሲሆን ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ይወስዳቸዋል፤ ውሃው ሲጎድል ሰዉ ሌላ ግንድ ያጋድማል። መኪና ወደ ሰፈሩ አይገባም፤ ሽቅብ ወደ ማዞሪያው የሚወስደው መተላለፊያም በዝናብ ጊዜ ሰው በአራት እግሩ የሚወጣው ጭቃ ነው። በ2015 ሐምሌ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ ራኬብ የምትባል ወጣት ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ውሃው ግንዶቹን እየላሳቸው ነበር። በሸክም ካልሆነ የምትሻገርበት መንገድ አልነበረም፤ የምትተኛበት ነገርም የለም። አልማዜ ምክር ቤቱ ለእረፍት ተዘግቶ ቤቷ ነበረች። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ዕቃ ቤቱን ከፈተችና የእድሩን ቃሬዛ አወጣች።

የሬሳ ቃሬዛ ነው። የራኬብ እናት ስታየው እሪ አለች። ራኬብ ራሷ በምጥ መሐል «እኔ አልሞትኩም እኮ!» እያለች የቃሬዛውን እንጨት ገፋች።

«አልሞትሽም፤ እንዳትሞቺ ነው» አለቻት አልማዜ። «ነይ፣ እኔም ከጎንሽ እሄዳለሁ።»

አራት ሰዎች ተሸከሟት። አልማዜ ከአንደኛው ግንድ ላይ ሆና በአንድ እጇ ቃሬዛውን፣ በሌላው የራኬብን እጅ ይዛ ውሃው እስከ ጉልበቷ እየመታት ተሻገረች። ልጅቷ ማዶ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተወለደች። ስሟን ሉሲ አሏት። እናትየዋ ዳነች። ሰፈሩ ግን ነገሩን ሊረሳው አልቻለም። ሕያው ሰው በሬሳ ቃሬዛ መሄዱ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ አልማዜንም «ቃሬዛው ሌላ ሰው ይጠራል» ያላት አልጠፋም። ከሁሉ የከነከናት ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ዐሥር ወር ስትመላለስ ከረመች። የከተማው መሥሪያ ቤት «ድልድዩ በፌዴራል ፕሮግራም የተያዘ ነው፣ እነሱን ጠይቁ» አላት። ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የተሰጣት መልስ ደግሞ አንድ መስመር ነበር፤ «ሥራው ተጠናቋል።» ደብዳቤውን ኪዳን ቤት ይዛ መጥታ አስነበበችን። ኪዳን በሩ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ አየና ተመልሶ «እኔ ዓይኔን ልመርመር» አለ።

ግንቦት ላይ በእድሩ ስብሰባ ራኬብ ተነሳች። ሉሲን አዝላለች።

«እትዬ አልማዜ፣ ክረምቱ ደረሰ። ድልድዩ መቼ ነው?»

አልማዜ የሄደችበትን ቢሮ ሁሉ ዘረዘረች። ራኬብ ቆማ ሰማቻት።

«የሄድሽበትን አልጠየቅኩሽም፣ እትዬ። መቼ ነው?»

በሕጉ መሠረት ራኬብ አትቀመጥም፤ ስብሰባውም አያልፍም። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ በዱላቸው መሬቱን ይጭራሉ። በመጨረሻ አልማዜ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሐምሌ ሳይገባ» አለች። «ካልሆነ ይህንን ቁልፍ ለእናንተ፣ ወንበሩን ለምክር ቤቱ መልሼ ጀሪካኔን እሸጣለሁ።»

ራኬብ ተቀመጠች። እንዲህ ሆኖ ነው ቀኑ የደረሰው።

የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሪፖርት የሚያቀርቡበት ቀን መሆኑን ስለሰማን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኪዳን ቤት ተሰበሰብን። ደጁ ያካፋል። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጋቢያቸውን ደርበው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ራኬብ «አልገባም፣ እግሬ ጭቃ ነው» ብላ በሩ ላይ ቀረች። ሪፖርቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጀ።

«ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?» አለ ኪዳን።

«የሚተነፍሰውማ ገጽ ሲገልጥ ነው፤ ልብ ብለህ እየው» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

ከዚያ ስብሰባውን የሚመሩት ሰው ጠያቂዎችን መጥራት ጀመሩ። «የተከበሩ ወይዘሮ አልማዜ መዝገቡ፣ ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። «ወይዘሮ! የኛዋ እትዬ ወይዘሮ!»

«ዝም በሉ!» አለች ራኬብ ከበሩ ላይ።

አልማዜ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። በእጇ ያለውን ወረቀት አወቅኩት፤ እኛ ነን የሰጠናት። ሰፈሩ ከመንገድ መብራት እስከ ውሻ ጩኸት አሥራ አራት ጥያቄ ሞልቶበት ነበር፤ አንዱም የእኔ ነው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት። አየት አደረገችውና አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አመሰግናለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ። እኔ የመጣሁት ከኮልፌ ቀራንዮ ነው። ሪፖርቱ ገጽ አርባ ሁለት ላይ፣ የእኛ ሰፈር ድልድይ መቶ በመቶ ተጠናቆ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል ይላል። ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ወንዙ ጋ ወርጄ ነበር። ያገኘሁት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። አንደኛው ተሰንጥቋል።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

«ግድ የለም፣ ሳቁ። እኛም በጋ በጋ እንስቃለን። ክረምት ሲገባ ወንዙ ግንዶቹን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ማዶ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ምጥ የያዛት ልጅ ነበረችን። የምናሻግርበት ብናጣ የእድራችንን ቃሬዛ አወጣን። የሬሳ ነው። አባቴን የሸኘሁበት ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ‹አልሞትኩም እኮ› እያለች ትገፋን ነበር። እድሜዬን ሙሉ እድር ውስጥ ኖሬያለሁ፤ ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚደረግለት አውቃለሁ። ሳይሞት የሚሻገርበትን ነው ያጣሁት። ክቡር ሚኒስትር፣ በዚህ በተጠናቀቀው ድልድይ ማን እየተሻገረ ነው? እኛስ የምንሻገረው መቼ ነው?»

አሁን ሳቅ አልነበረም። የድምፅ ማጉያው መብራት ጠፋ። ሰብሳቢው ቀጣዩን ሰው ጠሩ። አልማዜ እንደቆመች ናት።

«ለምንድነው የማትቀመጠው?» አለ ኪዳን። እሱ የማዞሪያው ልጅ ስለሆነ የታች ሰፈርን ሕግ አያውቅም።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ በአነጋገሩ ተገርመው ዞረው አዩት። «መልስ መቼ አገኘችና ነው የምትቀመጠው?»

በቤቱ ውስጥ የነበርነው የታች ሰፈር ሰዎች ተያየን። ራኬብ ጭቃዋን ረስታ ገባች።

ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞሩ። «የተከበሩ ወይዘሮ አልማዜ፣ ጥያቄዎ ተይዟል፤ መቀመጥ ይችላሉ።» እሷ አንድ ነገር አለች፤ ማጉያው ጠፍቶ ስለነበር አልሰማነውም። ከጎኗ የነበሩት አባል በኋላ እንደነገሩን «ግድ የለም፣ እቆያለሁ» ነው ያለችው፤ ታክሲ ስትጠብቅ ሰው ቦታ ሲለቅላት እንደምትመልሰው። ሰብሳቢው ወገቧን ያመማት መስሏቸው ይሁን ወይም ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው፣ ዝም ብለው አለፉ።

ሌሎች ስድስት ሰዎች ጠየቁ፣ ተቀመጡ። ካሜራው አዳራሹን ባሳየ ቁጥር በዚያ ሁሉ የተቀመጠ ሰው መሐል አንድ ነጭ ነጠላ ቆሞ ይታያል። ከቢራ መኪናው ወርደው የመጡት ሰዎች (አዎ፣ እነሱም ነበሩ፤ ኪዳን እዚህ ላይ ያሸንፈኛል) «ማናት? ምን ሆና ነው?» ሲሉ ራኬብ «የኛ ናት» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ሚኒስትሩ መመለስ ጀመሩ። ስለ ሌላው ሁሉ ብዙ ተናገሩ። ስለ እኛ ሲደርሱ «ድልድዩ በሪፖርቱ እንደተገለጸው ተጠናቋል፤ የቀሩ ጥቃቅን ሥራዎች ካሉ እናያለን» ብለው ገጽ ገለጡ። ቀና ሲሉ አዩዋት። አነበቡ፤ ደግመው ቀና አሉ። አልማዜ አትቆጣም፣ እጇን አታወናጭፍም፤ ሱቋ በር ላይ ደንበኛ እንደምትጠብቅ ሁሉ ትጠብቃለች። ሚኒስትሩ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አየ! ያዘችው» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ በሹክሹክታ።

ሚኒስትሩ ወደ ኋላ ዞረው ለአንድ ሰው አንድ ነገር ነገሩ። ሰውየው ስልኩን ይዞ ወጣ። ሰብሳቢው አጀንዳውን ለመዝጋት «እንግዲህ ሌላ ከሌለ» ብለው ጀመሩና አዩዋት። መዝጋት አቃታቸው። የማጉያዋ መብራት በራ።

«የተከበሩ ወይዘሮ አልማዜ፣ ምን ቀረ?»

«መልሱ ነዋ፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

በአዳራሹ አንድ ሰው ጠረጴዛ መታ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ብዙ ሰው። ስልክ ይዞ የወጣው ሰውዬ ሲሮጥ ተመልሶ ወረቀት አቀበለ። ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት፤ መልሰው አደረጉት። በዚያ ጊዜ ለእኚህ ሰው ያዘንኩላቸው ይመስለኛል። ሊያድበሰብሱት ይችሉ ነበር፤ አላድበሰበሱትም።

«አሁን የደረሰኝ መረጃ እንደሚለው፣ የተሠራው ድልድይ ከተባለው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። በዕቅዱ የተያዘው ግን የተከበሩት አባል የጠቀሱት ቦታ ነበር። ይህ ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ አለን፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ እናስገባለን።»

«አጭር ጊዜ ስንት ቀን ነው?» አለች አልማዜ።

አዳራሹ ሳቀ። ሚኒስትሩም ሳቁ። «እስከ ሰኔ ሠላሳ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ተቀመጠች።

ኪዳን ቤት የሆነውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ወንበር ወደቀ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ በሰማንያ ዓመታቸው ዱላቸውን ወደ ላይ ወረወሩትና መልሰው መያዝ አቃታቸው። ራኬብ ሉሲን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳየቻት «እያት! እያት!» ትላለች፤ ስክሪኑ ላይ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ነበር። አንደኛው የቢራ አውራጅ ታች ሰፈርን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው፤ እንባውን ይጠርግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከታክሲ ስትወርድ ማዞሪያው ተዘጋ። እህቷ ሱቁን ከፍታ ጀሪካኑን ሁሉ አወጣችው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየደለቀ፣ ሾፌሮች ጥሩምባ እያስጮኹ፣ ሴቶች እልል እያሉ እስከ ታች ሰፈር አወረድናት። አልማዜ በመሐል ሆና «ጀሪካኑን እንዳትሰብሩብኝ! ቀስ!» እያለች ትጮህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ።

«ረስታ ነው» ይላል ኪዳን። «ሃያ ምናምን ዓመት እድር ውስጥ ቆማ ቆማ ለምዶባት ነው። ፓርላማ መሆኑን ረሳችው፤ አለቀ።»

«አንተ ነህ የረሳኸው» ይላሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። «አልማዜ አስባ ሳትጨርስ አትነሳም። ያለ ተራዋ ብትናገር አንድ ነገር ነው፤ ቆሞ መጠበቅን ግን ማን ይከለክላል? ይህንን አውቃ ነው የቆመችው።»

«ታዲያ ‹ግድ የለም፣ እቆያለሁ› ያለችውስ? ያ የታክሲ ወሬ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ብልጠት ነዋ!»

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ አንተ ፍረድ» ይሉኛል። እኔ መፍረድ አልቻልኩም። አንድ ቀን ከእሷው ከአፏ እሰማዋለሁ አልኩ። ሰኔ ላይ ግን ማን ያገኛታል? ጠዋት ምክር ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ናት። ሁልጊዜ በአሥር ሰው ተከባ ነው የማያት። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ በሰው ፊት መጠየቅ አልወደድኩም። ረስታ ከሆነ ላሳፍራት አልፈለግሁም።

ብረቱ ሰኔ ሃያ አንድ ደረሰ። ቁርጥራጩን ሰዉ እየተቀባበለ በጭቃው አወረደው፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ብሎን የተሞላች ጣሳ ይዘው ከሰው ሁሉ ፊት ወረዱ። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ለዚህኛው ቀን እምላለሁ። ወንዙ ሞልቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ከሥር እያገሳ ሳለ የታች ሰፈር ሰው በክት ልብሱ አምሮ ብረቱ ላይ ቆመ። ሪባን ነበረ፣ መቀስ ነበረ። አልማዜ መቀሱን ለራኬብ ሰጠቻት። ራኬብ ቆረጠችና ሉሲን መሬት ላይ አቆመቻት። ሕፃኗ እግር ካወጣች ገና ሳምንቷ ነበር፤ ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፤ ሰዉ በየእርምጃው እልል አለላት። ከዚያ ሁላችንም ከኋላዋ ተንጋጋን። ማዶ ደርሰን ተመለስን። ምንም ጉዳይ ሳይኖረን እንደገና ሄድን። ኪዳን ስድስት ጊዜ ተሻገረ። «ለዓይኔ ምርመራ ነው» ይላል።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ቁልፉን አልማዜ አንገት ላይ መልሰው ሲያጠልቁላት ጎንበስ አለች፤ ስትቃና ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እስከዚያ ቀን እንባዋን አይቼ አላውቅም።

ሰዉ ሳሳ ሲል ጊዜው አሁን ነው ብዬ ወደ እሷ ተራመድኩ። ነገር ግን ሁለት ሴቶች ቀደሙኝ። ከአስኮ አካባቢ፣ ከሳንሱሲ ነው የመጡት፤ በቴሌቪዥን አይተዋት ኖሯል። አንደኛዋ ባዶ ባልዲ ይዛለች።

«እትዬ፣ ውሃ ካጣን አንድ ወር አለፈን» አለች። «ሴቶቹ ቦኖው ጋ ተሰብስበው እየጠበቁሽ ነው። ‹ካላመጣችኋት እንዳትመለሱ› ብለውናል።»

«አሁን?» አለች አልማዜ።

«ቆመው ነው የሚጠብቁሽ።»

አልማዜ ሳቀች። የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ሽቅብ መውጣት ጀመረች። እኔም ተከተልኳት። ጭቃው የእኔን ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ የእሷን አልያዘም። «እትዬ! እትዬ አልማዜ!» አልኩ። ዞራ እጇን አነሳችልኝ፤ ሰላምታ የምሰጣት መስሏት ነው።

ማዞሪያው ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር። ሦስቱም የአስኮ ታክሲ ውስጥ ገብተዋል፤ አልማዜ ባልዲውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። በመስኮቱ በኩል አያቸዋለሁ፤ ሴቶቹ ያወሯታል፤ ራሷን ወደ እነሱ አዘንብላ ትሰማለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር…» አልኩ።

ረዳቱ በሩን ዘጋው። «ሞልቷል፣ ሳበው!» አለ፤ ታክሲውም ወደ አስኮ ታጠፈ።